ሦስት ምት የቀረው ታይት ኤንድ

በ2070 ዓ.ም. ግንቦት አዳማ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከጤና በፊት የሚጠያየቁት «ስንት ቀረህ?» «ስንት ቀረሽ?» እየተባባሉ ነበር። ጥያቄው ነውር አልነበረም። ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁሉ መልሱን በግራ እጁ አንጓ ላይ ባሰረው አምባር ላይ በአረንጓዴ ቁጥር ይዞት ይዞራል። ለአውቶቡስ ሾፌር የዓይን ሰዓት፣ ለመምህር የድምፅ ሰዓት፣ ለግንበኛ ደግሞ በጀርባው የተሸከመው ክብደት ይቆጠርለታል። ቁጥሩ ዜሮ ሲገባ ያ ሰው በዚያ ሥራ ላይ ዳግም አይሰማራም። ሕጉ የወጣው የሰው አካል ሥራ ላይ እንዳያልቅ ተብሎ ነው፤ ብዙ ሰው እንዳተረፈም ይነገራል።

ለኦፒው ኡቻላ የሚቆጠርለት ምት ነበር። ኦፒው የአዳማ አሜሪካን ፉትቦል ቡድን ታይት ኤንድ ነው። ታይት ኤንድ ማለት በአሰላለፉ ጫፍ ላይ የሚቆም፣ ግማሹ ግንብ ግማሹ እጅ የሆነ ተጫዋች ነው፤ ወይ ተቃራኒውን ገጭቶ ለሯጩ መንገድ ይከፍታል፣ ወይ ራሱ ሮጦ የተወረወረለትን ኳስ ይቀልባል። የራስ ቁሩ ውስጥ ያለው መቁጠሪያ ጭንቅላቱ ላይ ያረፈውን ከባድ ምት አንድ በአንድ እየመዘገበ ወደ አምባሩ ይልካል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ፈቃድ ሲያወጣ የተሰጠው ቀሪ አራት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ነበር። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አምባሩ ሦስት ያሳይ ነበር።

ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሳለ ሻጩ ከመስታወቱ ኋላ አንገቱን አሰገገ።

«ኦፒው! ስንት ቀረህ?»

«ሦስት።»

ከኋላው ያሉት ሰዎች አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። ከፊቱ የነበሩት ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ዞር ብለው ያንን ሁለት ሜትር ቁመት ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና «እለፍ የኔ ልጅ፣ እኔ አልቸኩልም» አሉት። ወደ ቤት ያሳፈረው የባጃጅ ሾፌር የመንገድ ጉብታ ባየ ቁጥር ቆም እያለ «ያዝ፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝ» ይለው ነበር። ኦፒው ቤት ሲገባ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር።

«ከተማው እንቁላል አድርጎኛል» አላት ሚስቱን።

ሚስቱ ኢፍቱ የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት ናት። እሷ ግን አልሳቀችም።

ኦፒው ኳሱን ከማየቱ በፊት ታይት ኤንድ መሆኑ ታውቆ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ጋምቤላ ውስጥ፣ ከባሮ ወንዝ ዳር በማይርቅ ትምህርት ቤት ቮሊቦል ሲጫወት፣ የሊጉ መልማዮች መጥተው ልጆቹን በሙሉ ለኩ። ክንድ፣ ተረከዝ፣ የጣት ርዝመት፣ የእናትና የአባት ቁመት። መሣሪያው ሦስት ደቂቃ ቆይቶ የሠላሳ አምስቱን ልጆች ስም አወጣ። ከሠላሳ አራቱ ፊት ባዶ ነበር። ከእሱ ስም ፊት «ታይት ኤንድ» የሚል ተጽፏል። እናቱ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁ መልማዩም በቅጡ ማስረዳት አልቻለም።

በሁለተኛው የውድድር ዘመኑ ሰባ አንድ ኳስ ቀለበ። ያን ዓመት አዳማ ውስጥ የእሱን ሰማንያ ሰባት ቁጥር ማልያ ያልለበሰ ልጅ አልነበረም ቢባል ብዙ አይጋነንም። ኳሱን የሚቀልበው በአየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ከሁሉም እጅ በላይ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ካምፓላ ላይ ግራ ጉልበቱ ተሰበረ። ስምንት ወር ከአልጋ ወደ ክራንች፣ ከክራንች ወደ ሜዳ ያመጣችው አዲስ የተቀጠረች ቀጭን ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ጉልበቱ ዳነ፤ እነሱም ተጋቡ።

ወደ ሜዳ ሲመለስ ግን «ጠሪው» ሌላ ሥራ ሰጠው። ጠሪው በየተጫዋቹ ጆሮ ውስጥ የሚናገር የቡድኑ ኮምፒውተር ነው፤ እያንዳንዱን ጨዋታ የሚመርጠው እሱ ነው፣ በዚያ ዘመን አሰልጣኞችም ብዙም አይቃወሙትም። ጠሪው የኦፒውን አዲስ ጉልበትና አሮጌ ትከሻ አስልቶ ግንብነቱ እንደሚበልጥ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ ሁለት ዓመታት ኦፒው ሲገጭ ኖረ። አራት ሯጮች ከጀርባው ተነሥተው ስመ ጥር ሆኑ። የአንዱ ፎቶ ዛሬም በአዳማ አውቶቡስ ጣቢያ ተለጥፏል፤ በፎቶው ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚታየው ትከሻ የኦፒው ነው። ቁጥሩም በየሳምንቱ ቀነሰ።

አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። አሰልጣኝ ዝናሽ መኩሪያ ከፍጻሜው በኋላ የታይት ኤንዶች አሠልጣኝ ሊያደርጉት ቃል ገብተውለታል። ቅድመ ሁኔታው የሕጉ ነው፦ ቀሪው ቢያንስ አንድ መሆን አለበት። ዜሮ የገባ ሰው ተጫዋችም ሆነ አሠልጣኝ ሆኖ ሜዳ አይረግጥም፤ ከተመልካች ወንበር በቀር የሚቆምበት ቦታ የለውም።

ረቡዕ ጠዋት፣ እንደማንኛውም ጠዋት፣ አምባሩ ለማስታወስ ፈተናው ሰባት ቃላት አነበበለት። ምስክሯ ኢፍቱ ናት፤ በሕጉ መሠረት ምስክር መኖር አለበት። ሁለቱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ኦፒው ካልሲውን አደረገ። ከዚያ መቁጠር ጀመረ።

«ማንጎ። መሰላል። ሐሙስ። ብርጭቆ። ደመና። ዝሆን።» ቆመ። ጣሪያውን አየ። «ዝሆን...»

«ስድስት ከሰባት። አልፈዋል» አለ አምባሩ።

«ቁልፍ ነበር» አለች ኢፍቱ።

«አውቄዋለሁ እኮ። ምላሴ ላይ ነበር።»

«ትናንትም እንደዚያ ነው ያልከው።»

«ትናንት ዝንጀሮ ነበር። ዝንጀሮን ማን ያስታውሳል?»

ሳትወድ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ። «ኦፒው፣ እሑድ አትግባ። ተቀምጠህ ጨርስ። ሦስቱንም ይዘህ ውጣ።»

«ከዚያ ልጆቹን ምን ብዬ ላስተምር? የፍጻሜው ዕለት እንዴት ተቀመጥኩ ብዬ?»

ኢፍቱ ተነሥታ የጉልበቱን ማሰሪያ ከመሳቢያው አወጣችና እሑድ ይዘውት በሚሄዱት ቦርሳ ውስጥ ጨመረችው። ሁለት ጥቅል ነበር። ትንሽ አሰብ አደረገችና ሦስተኛ ደገመች።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠላሳ ሺህ ሰው ስታዲየሙን ሞልቶት ነበር። የአዳማ ነፋስ ከደቡብ እየመጣ ባንዲራዎቹን ያንጫጫል፣ አቧራውን በመስመሮቹ ላይ ይነሰንሳል። ተጋጣሚው የሞምባሳ ቡድን ነበር። በሞምባሳ መሐል ባራካ የሚባል ተከላካይ አለ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ዝቅ ብሎ በመግጨት የታወቀ። እሱና ኦፒው በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ መቶ ዘጠና ጊዜ ተገጫጭተዋል። በትልቁ ስክሪን ላይ የተጫዋቾቹ ስም ሲወጣ ከየስሙ ጎን ቀሪው ይጻፋል። «ኦፒው ኡቻላ — 3» የሚለው ሲወጣ ከሰዉ አፍ አንድ ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ጭብጨባም ሐዘንም አይመስልም።

በሁለተኛው ሩብ፣ ሞምባሳ አሥራ ሰባት ለሦስት ሲመራ፣ ጠሪው «ሰማንያ ሰባት፣ ግባ። በቀኝ በኩል መንገድ ክፈት» አለ። ኦፒው ገባ። ኳሱ ተነሣ። ባራካ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ መጣ፣ ኦፒውም እንደ ልማዱ የበለጠ ዝቅ ብሎ ተቀበለው። ድምፁ እስከ ላይኛው ረድፍ ተሰማ። ሯጩ በከፈተለት መንገድ አልፎ የመጨረሻውን መስመር ረግጦ ስድስት ነጥብ ሲያስገኝ ስታዲየሙ ተናወጠ፤ በእርግጫም አንድ ተጨመረ። ስክሪኑ ላይ ሦስቱ ሁለት ሆነ።

ከእረፍት በኋላ ሌላኛው የአዳማ ታይት ኤንድ ቁርጭምጭሚቱ ዞረና በቃሬዛ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ኦፒውን የሚተካ አልነበረም። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ የቡድኑ ወርዋሪ ቶሌራ ኳሱን ይዞ ለመወርወር ሲዘጋጅ ከማያየው ወገን አንድ የሞምባሳ ተጫዋች ተፈትልኮ መጣበት። ኦፒው መሐል ገባ። ሰውየው የኦፒውን ቁር በትከሻው መታው፣ ኦፒውም ወደቀ፤ ኳሱ ግን ከቶሌራ እጅ ወጥቶ ነበርና ሌላ ስድስት ነጥብ ሆነ። ከእርግጫው ጋር አሥራ ሰባት እኩል።

ኦፒው ከሣሩ ሲነሣ ደስታው ሁሉ ቆሞ ሰው ስክሪኑን ነው የሚያየው። አንድ።

አሰልጣኝ ዝናሽ ራሳቸው መስመሩ ድረስ መጥተው ክንዱን ያዙት። «በቃህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ኢፍቱ አጠገቡ በርከክ ብላ ጉልበቱን ዳሰሰች።

አራተኛው ሩብ ያለ እሱ፣ ያለ ታይት ኤንድም ሄደ። አዳማ ሦስት ነጥብ ጨመረ፣ ሞምባሳ ሰባት መለሰ። ሃያ አራት ለሃያ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ሲቀረው ቶሌራ ኳሱን ይዞ ከመሐል ሜዳ ተነሣና በሦስት ውርወራ ከመጨረሻው መስመር አሥራ ዘጠኝ ያርድ ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ ቆሟል። አራት ሙከራ ነበረው። የመጀመሪያውን ነፋሱ ወሰደው። ሁለተኛውን ባራካ በመዳፉ መታው። ሦስተኛው ከተቀባዩ ጣት አምልጦ ወደቀ። ሰዓቱ ስድስት ሴኮንድ ላይ ቆመ።

አሰልጣኝ ዝናሽ የመጨረሻዋን የእረፍት ጊዜ ጠየቁ። ኦፒው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቁሩን በብብቱ ይዞ ፊታቸው ቆመ።

«አሰልጣኝ፣ ያስገቡኝ።»

«አልሰማሁህም።»

«ሰምተውኛል።»

በጆሯቸው ውስጥ ጠሪው መናገር ጀመረ፤ ድምፁ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት፣ የተረጋጋ ነው። «ሰማንያ ሰባት ከገባ ምት የመቀበል ዕድሉ ሰማንያ አንድ በመቶ ነው። እንዲገባ አይመከርም።» አሰልጣኝ ዝናሽ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። በአሥራ አንድ ዓመት አሰልጣኝነታቸው እንዲህ ሲያደርጉ ያየ የለም።

«አንተ ንገረኝ እስቲ። ምን አየህ?»

«ባራካን አየሁት። እኔ ከገባሁ ሊገጭ ነው የመጣው ብሎ ነው የሚያስበው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስቡት፤ ኮምፒውተራቸውም ጭምር። አሥራ ሁለት ዓመት ሌላ ነገር ሳደርግ አላዩኝም። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ይጠብቀኛል።» ኦፒው ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቶሌራ ኳሱን ለእኔ ይስጠኝ። በላዩ ላይ አልፋለሁ።»

«በላዩ?»

«እዘለዋለሁ።»

«ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴ ላይ ቁጥር አልተጻፈም።»

አሰልጣኝ ዝናሽ ፈገግ ሊሉ ሲሉ ተዉት። «ከነካህ ዜሮ ነህ፤ ታውቃለህ አይደል? ከእኔ ጋር መሥራቱ ቀረ። ይህን ሣር ዳግም አትረግጠውም።»

«አውቃለሁ።»

ዞር ብለው ኢፍቱን አዩ። ኢፍቱ አስቀድማ ሦስተኛውን ጥቅል ፈትታ መሬት ተንበርክካ ነበር። የግራ ጉልበቱን በላይም በታችም አዙራ አሰረችው፤ የሰራችውን ጉልበት ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በጥርሷ ማሰሪያውን ቆረጠችና ቀና አለች።

«ይይዛል?» አላት ኦፒው።

«ለአንድ ዝላይ ይይዛል። ሁለተኛ አትሞክር።»

ሰማንያ ሰባት ቁጥር ወደ ሜዳ ሲገባ ስታዲየሙ ጮኸ። ቶሌራ ተጫዋቾቹ ለምክክር በሠሩት ክብ መሐል ዓይኑን አፍጥጦ አየው። «ጋሽ ኦፒው፣ እውነት ለአንተ ልወርውር?»

«ከፍ አድርገህ። ማንም እጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ ጣለው።»

«ነፋሱስ?»

«ነፋሱን ለእኔ ተውልኝ።»

ተሰለፉ። ኦፒው በቀኙ ጫፍ ጎንበስ አለ። በጆሮው ውስጥ ጠሪው «ሰማንያ ሰባት፣ ውጣ። ሰማንያ ሰባት፣ ውጣ» ይላል። ከፊቱ የባራካ ዓይኖች ከቁሩ ፍርግርግ ኋላ ይታዩታል፤ ባራካም ትከሻውን አዘጋጅቶ ጠብቋል።

ኳሱ ተነሣ። ኦፒው እንደሚገጭ ሰው ሁለት እርምጃ ገፋና በሦስተኛው ወደ ውጭ ሸርተት ብሎ ሮጠ። አንድ ሰው በእጁ ሊይዘው ሲል ከማልያው በቀር አላገኘም። ከመጨረሻው መስመር ስምንት ያርድ ላይ ዘወር ሲል ኳሱ ሰማይ ላይ ነበር፤ ነፋሱ ወደ ግራ እየገፋው፣ ከሚጠብቀው ቦታ አንድ ክንድ ያህል ርቆ። ኦፒው አላሰበም። ግራ እጁን ሰቅሎ በጣቶቹ ጫፍ ሳበው፣ ወደ ደረቱ አስገባው፣ ፊቱን ወደ መስመሩ አዞረ።

ባራካ ወደ ኋላ ሮጦ አራት ያርድ ላይ ደርሶ ነበር። ዝቅ ብሏል። በጣም ዝቅ ብሏል፤ ከእነዚያ አንድ መቶ ዘጠና ግጭቶች ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ የሰውየውን የመጨረሻ ቁጥር ሊያወርድ።

ኦፒው ተነሣ።

ያን ቀን ስታዲየም የነበረ ሰው ሁሉ ስለዚያች ዝላይ የራሱ ወሬ አለው። አንዱ ሁለት ሜትር ይላል፣ ሌላው እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም ይላል። ካሜራው ያሳየው ይህን ነው፦ ኦፒው ኡቻላ ኳሱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ግራ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ሲያልፍ የቀኝ እግሩ ጫማ የባራካን ጀርባ እንደ አቧራ ጠረግ ሲያደርገው። ባራካ ባዶ አየር አቅፎ በግንባሩ ወደቀ። ኦፒው በግራ እግሩ አረፈ። ጉልበቱ ተንገጫገጨ፣ ያዘ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከግራ እየበረረ የመጣ ተከላካይ ሊደርስበት ክንድ ሲቀረው ነጩን መስመር አለፈ።

ሰዓቱ ባዶ ሆነ። ሃያ ስድስት ለሃያ አራት።

ሠላሳ ሺህ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ስክሪኑን ፈለገ። «ኦፒው ኡቻላ — 1»።

ከዚያ የተነሣው ድምፅ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ተሰማ ይባላል። የአዳማ ተጫዋቾች፣ ተቀምጠው የነበሩትም፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረውም በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ በሙሉ ወደ እሱ ሮጡ። አርባ ሰው፣ አርባ ቁር፣ በሙሉ ፍጥነት።

«አትንኩት!» አሰልጣኝ ዝናሽ ከመስመሩ ዳር ሲጮኹ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «አትንኩት! ቆጣሪው አልተዘጋም!»

አርባው ሰው ሣሩን እየፈነቀለ ቆመ። ከኦፒው አንድ ሜትር ላይ ክብ ሠርተው ቀሩ። መቁጠሪያው የወዳጅን እቅፍ ከተቃራኒ ምት አይለይም፤ አንድ ቁር ከቁሩ ጋር ቢጋጭ የተረፈው አንድ ይሄዳል። ቶሌራ እጆቹን ዘርግቶ፣ እያለቀሰም እየሳቀም፣ ጣቶቹን አየር ላይ ያንቀሳቅስ ነበር። «ጋሽ ኦፒው! ጋሽ ኦፒው!» ከዚህ ሌላ የሚለው አልነበረውም። በሁሉም ጆሮ ውስጥ ጠሪው «እባካችሁ ርቀታችሁን ጠብቁ» ይላል። ሻምፒዮኖቹ በአንድ ሰው ዙሪያ ቆመው በርቀት ያጨበጭቡ ጀመር።

ኦፒው ክቡን ዞሮ አየው። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ከጀርባው የሮጡ፣ እሱ በተገጨ ቁጥር የተረፉ ናቸው። ኳሱን ሣሩ ላይ አኖረ። ከዚያ የአገጩን ማሰሪያ ፈታ።

«ሜዳ ውስጥ ቁር ማውለቅ ክልክል ነው!» አለ ዳኛው፣ የቅጣቱን ቢጫ መሐረብም ወረወረ። ጨዋታው አልቆ ነበርና የሚቀጣው ነገር አልነበረም።

ኦፒው ቁሩን አወለቀ። ግንባሩ ላይ ላቡ ከአቧራው ጋር ተላቁጧል። ቁሩን ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ሣሩ ላይ አስቀመጠውና ቀና ብሎ ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«በሉ እንግዲህ» አለ። «አውልቁና ኑ።»

አርባ ቁር በአንድ ጊዜ መሬት ወረደ። ቀድማ የደረሰችው ግን ቁር የሌላት ኢፍቱ ነበረች፤ ማሰሪያው በእጇ እንዳለ በክቡ መሐል ሰንጥቃ ገብታ ደረቱ ላይ ተወረወረች። ከኋላዋ ቶሌራ፣ ከቶሌራ በኋላ ሁሉም። ኦፒው በሳቅ እየጮኸ ከሥራቸው ጠፋ። አሰልጣኝ ዝናሽ ከሌሎቹ ዘግይተው፣ ጫማቸው እየከዳቸው ደርሰው፣ በስልሳ ዓመታቸው ክምሩ ላይ ወጡ።

የሊጉ መዝገብ ያን ምሽት በአንድ መስመር ተዘጋ፦ ኦፒው ኡቻላ፣ ታይት ኤንድ፣ አሥራ አምስት የውድድር ዘመን፣ ቀሪ አንድ። በመስከረም አዲሶቹን ታይት ኤንዶች ይዞ ሜዳ ገባ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉም መዝለል አስተማራቸው።

በዚያች ሰዓት ግን ሣሩ ላይ ከቀረው የኦፒው ቁር ውስጥ ጠሪው በማይለወጠው ድምፁ ይጣራ ነበር። «ሰማንያ ሰባት፣ አይሰማኝም። ሰማንያ ሰባት፣ ያለህበትን አሳውቅ።» ሦስት ሜትር ርቆ ሰዎች ይስቁ ነበርና የሰማው የለም።